የቀበቶ ጅራት

ከእኔ ፎቶ ኮፒ ቤትና ከጋሼ ልክ ጫማ መጠገኛ መካከል ያለውን ነገር ግድግዳ ብዬ ብጠራው ግድግዳ ይቆጣኛል። በሁለቱም በኩል ቀለም የተቀባ ስስ ጣውላ ነው። እሳቸው ሲያስነጥሱ ከወንበሬ ሳልነሳ «ይማርዎ» እላለሁ። እኔ ከደንበኛ ጋር ስጨቃጨቅ ደግሞ እሳቸው በመዶሻቸው እጀታ ጣውላውን ሁለቴ ኳ ኳ ያደርጋሉ፤ «ቀስ በይ» ማለታቸው ነው። ጎን ለጎን በሠራንባቸው አሥራ አንድ ዓመታት ብዙ ኳ ኳ ተብሎብኛል። ምላሴ አጥንት የለውም፣ አልክድም።

ትክክለኛ ስማቸው ንግድ ፈቃዳቸው ላይ አለ፤ ኮፒ ሳደርገው አይቼዋለሁ። በሱ የሚጠራቸው ሰው ግን አላጋጠመኝም። ጫማ ጠግነው ሲጨርሱ ሶሉን በመዳፋቸው አንድ ጥፊ ያቀምሱና «ልክ!» ይላሉ። ቀኑን ሙሉ «ልክ!» ሲሉ ሲሉ ጋሼ ልክ ሆነው ቀሩ። እኔን ደግሞ «አንቺ ኮፒ» ይሉኛል። ስም አለኝ ብዬ ስንቴ ተቆጣሁ፤ ኳ ኳ አደረጉብኝ እንጂ አልተዉትም።

ሥራቸውን በዓይኔ ሳይሆን በጆሮዬ ነው የማውቀው። የመዶሻቸው ምት ሁለት ቀላል፣ አንድ ከባድ ነው፤ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ዷ። ሰው ሰዓት አይቶ ሻይ ይጠጣል፤ እኔ ያ ምት ሲቆም ነበር ምሳ መድረሱን የማውቀው።

በሙያቸው ኩሩ ናቸው፤ ኩራታቸው ደግሞ በቀበቶ ይብሳል። ሌላ ቦታ ቀበቶ ቢያስበሱ ይበሱልዎትና በቃ፣ ይሂዱ ነው። ጋሼ ልክ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ቀዳዳውን በስተው ደንበኛውን ያስታጥቁታል፤ ከዘለበቱ አልፎ የሚንጠለጠለውን ትርፍ ጅራት ይቆርጣሉ፤ ጫፉን በቢላ አሹለው፣ ዳሩን በሰም ክር ዘምዝመው፣ ቀለም ቀብተው ነው የሚመልሱት። «ጅራቱን እንደ ላም እያወዛወዘ ከኔ ቤት የሚወጣ ሰው የለም» ይላሉ። የተቆረጠችውን ቁራጭ አይጥሏትም። ጀርባዋ ላይ የወሩን ቁጥር በእስኪርቢቶ ጽፈው የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ይከቷታል። ለምን እንደሚጽፉ አንድ ቀን ጠየቅኋቸው።

«ቆዳም እንደ ሰው ይደርቃል» አሉኝ። «ዕድሜውን ሳላውቅ መርፌ አላስገባበትም።»

እንግዲህ ወደ ነገሩ ልግባ። ጋሼ ልክ መክሳት ጀመሩ። መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ፤ መጀመሪያ የተሳሳትኩትም እኔው። አንድ ጠዋት በሬን ስከፍት ከፊት ለፊቴ ሲያልፉ፣ «ጋሼ! ሸንቀጥ ብለዋል እኮ! ምን አግኝተው ነው?» አልኳቸው።

ደስ አላቸው። ሸሚዛቸውን ወደ ሱሪያቸው አስገቡና ዞር ብለው አሳዩኝ። «ወጣትነቴ አድራሻዬን አግኝቶ ነው» አሉ።

ያን ቀን ቀንቼባቸዋለሁ፣ ምን እደብቃለሁ። እኔ ዓመቱን ሙሉ ደረጃ በእግሬ ስወጣና ስወርድ የአንድ ቁልፍ ያህል እንኳ አልቀነስኩም። እሳቸው ቁጭ ብለው ሶል እየመቱ ሆዳቸው ጠፋ። የባንኩ ዘበኛ ሳይቀር ምስጢሩን ሊጠይቃቸው መጣ። ሁላችንም አጨበጨብን። ሰው ሳይፈልግ ሲከሳ የሚያጨበጭብ ጎረቤት ምን ዓይነት ጎረቤት እንደሆነ አሁን ሳስበው ፊቴ ይቃጠላል።

የሚገርመው አበላላቸው ነው። ሚስታቸው በመዋዕለ ሕፃናት ወጥ ቤት ምግብ አብሳይ ናት፤ የኔ ጓደኛ ናት፤ ጨዋታዋ እንደ ምግቧ ይጣፍጣል። ምሳቸውን ሁልጊዜ በሁለት ድርብ ሳህን ታመጣላቸው ነበር። ቆይቶ ሦስት ድርብ ሆነ፤ ከዚያ በላዩ ላይ ዳቦ ተጨመረ። ጋሼ ልክ ጠርገው በልተው ከሰዓት በኋላ ደግሞ የኔን ብስኩት ይጠይቃሉ።

«ጋሼ፣ የሚበሉት የት ነው የሚገባው?» እላቸዋለሁ።

«የሰው ቀበቶ ስበሳ ሳላየው የራሴን ሆድ በስቼው ይሆናል» ይሉና ይስቃሉ።

ሚስታቸው ግን አልሳቀችም። የሰው አፍ እሷን ነበር የሚያገኛት። «ባልሽን ምን አደረግሽው?» ይሏታል አትክልት ስትገዛ። «ቤት ውስጥ ሰላም የለም እንዴ?» ይሏታል። አንዷማ በሳቅ አስመስላ፣ «የስልሳ ሰው ልጅ አወፍረሽ የራስሽን ባል ታከሺዋለሽ?» አለቻት። እሷም አብራ ስቃ ወደኔ መጣች። መታወቂያዋን ኮፒ ልታደርግ ነበር የመጣችው፤ ኮፒው ሲወጣ ወረቀቱ ላይ እንባዋ ጠብ አለ። አንጀቴን በላችው። «ሦስት ሰዓት ምድጃ ላይ ቆሜ ነው የማበስልለት። ይበላል እኮ! እያየሁት ይበላል!» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ጆሮዬን አቀናሁ። እኔ ሹራብ ደርቤ እሳቸው ሸሚዛቸውን እስከ ደረት ከፍተው ማራገቢያ ያስነሳሉ። በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ወደ ኋላ፣ ወደ መጸዳጃ ቤቱ ይሄዳሉ። ቁጡ ሆኑ፤ ቁጣ የኔ ድርሻ ነበር። ከሁሉ የባሰው ግን ምቱ ነው፤ ጠቅ፣ ጠቅ የነበረው ጠቅ፣ ጠ… ጠቅ ሆነ፤ ከባዱ ዷ ሚስማሩን እየሳተ ጣት ላይ ማረፍ ጀመረ። አንድ ጣታቸው ፋሻ፣ ሌላው ፕላስተር። የእጅ ቦርሳ የመሰለ ረቂቅ ስፌት ሲመጣ «ክር አልቆብኛል» ብለው ይመልሳሉ። በሌላው ቀን «ዓይኔ ደክሟል» ነው። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይሄ ነው። ደግሞ አንድ ቀን ድንገት ልብ አልኩ፤ «ልክ!» የሚለውን ቃል ከሰማሁ ሳምንታት አልፈዋል።

«ጋሼ፣ ሐኪም ይዩ እንጂ» አልኳቸው። አንዴ ብቻ አይደለም፤ ጠዋት ስከፍት፣ ማታ ስዘጋ። ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው፤ ምክንያታቸውን ያወቅኩት በኋላ ነው። ታላቅ ወንድማቸው እንዲሁ ከስቶ ከስቶ፣ ቆይቶ ቆይቶ ሆስፒታል ገባ፤ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሞተ። ጋሼ ልክ ከዚያ የያዙት ነገር «ዘግይቶ ሄደ» የሚለውን አይደለም፤ «ሄደና ሞተ» የሚለውን ነው። እናም የወንድሜ ተራ የኔ ሆነ ብለው ለብቻቸው ፈርደው፣ ፍርዱን ማንም እንዳያነብባቸው ደብቀው ተቀምጠው ነበር።

ነገሩን ያወጣችው የኔ ቦርሳ ናት። ማንጠልጠያዋ ተበጠሰ። ይዤ ስገባ ጋሼ ልክ ወደ ኋላ ሊሄዱ ተነስተዋል። «ከቆርቆሮው ቀለሙ የሚሄድልሽን ቁራጭ ምረጪ፣ መጣሁ» ብለውኝ ወጡ።

ቆርቆሮውን ጠረጴዛው ላይ ገለበጥኩት። ጥቁር፣ ቀይ፣ የሕፃን ጫማ ምላስ፣ የውሻ ማሰሪያ ጫፍ። መካከል ላይ ሦስት ጥቁር ቡናማ ቁራጮች አገኘሁ፤ ሦስቱም ሹል ጫፍ ያላቸው፣ ሦስቱም ዳራቸው በነጭ ሰም ክር የተዘመዘመ። ነጭ ክር በቡናማ ቆዳ ላይ የሚያደርጉት ለአንድ ቀበቶ ብቻ ነው። እኔ ሱቄን በከፈትኩ ዓመት ለራሳቸው የሠሩት፣ የመዳብ ዘለበት ያለው ቀበቶ ነው። ገልብጬ ጀርባቸውን አየሁ። አንዷ ላይ ሦስት፣ አንዷ ላይ አምስት፣ አንዷ ላይ ሰባት ተጽፏል። ያለነው በስምንተኛው ወር ነው።

ጫፍ ለጫፍ አስተካክዬ ደረደርኳቸው። የሦስተኛው ወር ሁለት ጣት፤ የአምስተኛው ሦስት ጣት፤ የሰባተኛው አራት ጣት። ስንዝሬን ዘረጋሁ፤ ብዙም አልተረፈም። የደንበኛ በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ።

ገባዎት አይደል? ሌላ ሰው ሲከሳ የቀበቶው ጅራት ይረዝማል። ይንጠለጠላል፣ ይታያል፣ ልጅ እንኳ ያየዋል። ጋሼ ልክ ግን አዲስ ቀዳዳ በበሱ ቁጥር ጅራቱን ቆርጠው፣ አሹለው፣ ዘምዝመው፣ ቀለም ቀብተው ይታጠቁታል። ወገባቸው እየጠፋ ቀበቶአቸው ሁልጊዜ ልክ ነው። ሙያቸው እኛን ብቻ ሳይሆን ራሳቸውን ሸወዳቸው። የሰው ጫማ ሶል በየት በኩል እንዳለቀ አይተው «ይሄ ሰው ቀኝ ጉልበቱን ያመዋል» የሚሉ ሰው የራሳቸውን ወገብ ቆርቆሮ ውስጥ ዘግተውበት ነበር።

ሦስቱን ቁራጮች ይዤ ወደ ሱቄ ሮጥኩ። ስርቆት ነው ካሉኝ አዎ ነው። ማሽኑ መስታወት ላይ ጀርባቸውን ወደ ታች አድርጌ በተራ ደርድሬ፣ አጠገባቸው ማስመሪያ አስቀምጬ ተጫንኩት። ነጭ ወረቀት ላይ ሦስት ጥቁር ቁራጮች፣ ከነወራቸው ቁጥርና ከነሳንቲ ሜትራቸው፣ ጥርት ብለው ወጡ።

ስመለስ እሳቸውም ገብተው መዶሻቸውን ይዘዋል፤ ዓይኔን በጨው አጥቤ ወረቀቱን ሥራቸው ላይ ጣልኩት።

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉ።

«እርስዎ ነዎት። ከእርስዎ የጎደለው ነው። አሥራ ስድስት ሳንቲ ሜትር ጋሼ ልክ ጠፍቷል፤ ማን ወሰደው?»

ወረቀቱን አዩ፤ ቆርቆሮውን አዩ። «ሂጂ ሥራሽን ሥሪ» አሉኝ።

«አልሄድም።»

«አንቺ ኮፒ፣ ሂጂ ብያለሁ!»

«ቢፈልጉ መዶሻውን ይወርውሩብኝ፤ እንደሰሞኑ አያያዝዎ ከሆነ አያገኘኝም!»

ይህን ማለት አልነበረብኝም። መዶሻውን የያዘው እጃቸው ሲንቀጠቀጥ እኔም አየሁ፣ እሳቸውም ማየቴን አዩ። በዚህ መሐል ሚስታቸው ሦስት ድርብ ሳህኗን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

ወረቀቱን አነሳች። ቀበቶውን ታውቀዋለች፤ ሲሠራ መብራት የያዘችው እሷ ናት። ቁጥሮቹን በጣቷ ተከተለቻቸው። ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጠችና እንዲህ አለች፦ «እኔ አላበላህም ተብዬ ስሰደብ አንተ በየወሩ እየለካህ ትቆርጥ ነበር?»

ጋሼ ልክ ቢቆጡ አልፈራም፤ ሲያለቅሱ ግን አይቼ አላውቅም ነበር። «እንደ ወንድሜ እንዳልሆን ፈራሁ» አሉ። «ካልጠየቅኩ ማንም አይነግረኝም ብዬ ነው።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» አለች ሚስታቸው። እንባዋን በፎጣዋ ጠረገች። «ነገ ጠዋት እንሄዳለን። አንተ ባትሄድ እኔ አንተን ሆኜ እሄዳለሁ፤ ሐኪም ይሳቅብህ።»

በማግስቱ ሱቄ በር ላይ «ለአስቸኳይ ጉዳይ ወጥቻለሁ» ብዬ ለጠፍኩ። ማን ጠራሽ እንዳይሉኝ፤ ማንም አልጠራኝም። ቁራጮቹ በቦርሳዬ፣ ወረቀቱ በእጄ ነው።

ጤና ጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ ጋሼ ልክ የሰዎችን ጫማ ብቻ እያዩ ተቀመጡ። ተራቸው ሲደርስ ሚዛን ላይ ቆሙ፤ ሃምሳ ዘጠኝ ኪሎ። ሐኪሟ ገና ወጣት ናት፤ መነጽሯ አንድ ጆሮ ላይ ዘመም ይላል።

«በፊት ስንት ይመዝኑ ነበር?» አለቻቸው።

«ተመዝኜ አላውቅም።»

«ታዲያ ምን ያህል እንደቀነሱ በምን እናውቃለን?»

ይህን ጊዜ የኔ ተራ ደረሰ። ቦርሳዬን ከፍቼ ሦስቱን የቆዳ ቁራጮች ጠረጴዛዋ ላይ በተራ ደረደርኩ። መጀመሪያ ፈገግ አለች። ጀርባቸውን ገልብጣ ቁጥሩን ስታይ ግን ፈገግታዋ ቀረ። ሜትሯን አውጥታ አንድ በአንድ ለካች፤ ጻፈች።

«እንዲህ ያለ ጥሩ መረጃ ይዞ የመጣልኝ ሰው የለም» አለች። «በሦስተኛው ወር ትንሽ፣ በአምስተኛው ከዚያ በዛ ያለ፣ በሰባተኛው ደግሞ የባሰ። ፍጥነቱ እየጨመረ ነው። ሆን ብለው ነው የቀነሱት? ምግብ ቀንሰው፣ ስፖርት ጀምረው?»

«እንዴት ተደርጎ! እበላለሁ እንጂ።»

«ይበላል!» አለች ሚስታቸው፤ ድምፅዋ ኮሪደሩን ሞላው።

ጥያቄው ብዙ ነበር። ሳል አለ? ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ? ውሃ ይጠማዎታል? ሰገራዎ ላይ ደም አይተዋል? ሲውጡ ያንቅዎታል? ሐዘን ገጥሞዎታል፣ እንቅልፍስ? የሚወስዱት መድኃኒት አለ? ጥርስዎትን ሳይቀር አየች። ከዚያ «ሁለት እጅዎን ይዘርጉ» አለችና ዙሪያዋን ወረቀት ፈለገች። የኔን ፎቶ ኮፒ ከእጄ ወሰደችና በተዘረጉት ጣቶቻቸው ላይ አስተኛችው። ወረቀቱ ነፋስ ያገኘው ይመስል ተርገበገበ። ክፍሉ ውስጥ ነፋስ አልነበረም።

ጋሼ ልክ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሐኪሟ ወረቀቱን ቀስ ብላ አነሳችላቸው፤ ልባቸውን አዳመጠች፤ ውሃ እያስዋጠች አንገታቸውን ዳሰሰች። ደም ይወሰድ አለች።

«የወንድሜ በሽታ ነው?» አሏት።

«ገና አላውቅም፤ ሳላውቅ አልዋሽዎትም» አለች። «መክሳት ራሱ በሽታ አይደለም፤ የሆነ ነገር ምልክት ነው። ነገሩ ከስኳር ሊሆን ይችላል፣ ከሳንባ፣ ከጨጓራ፣ ከጭንቀት፣ ከዕጢ። አብዛኛው መድኃኒት አለው። ከባዱም ቢሆን በጊዜ ሲመጡ ሌላ፣ ሲዘገዩ ሌላ ነው። ስለዚህ ዛሬ መምጣትዎ ከነገ ይሻላል።»

እኔ አፌን መዝጋት አልቻልኩም። «ዶክተር፣ ሰው ስንት ሲቀንስ ነው መምጣት ያለበት?» አልኳት። ሳይፈልግ፣ ምክንያቱን ሳያውቅ፣ በስድስት ወር ወይም በዓመት ውስጥ ከክብደቱ ከመቶ አምስት እጅ ያህል ከቀነሰ ነው አለችኝ። ሰባ ኪሎ ለሚመዝን ሰው ሦስት ኪሎ ተኩል ማለት ነው። ሚዛን የሌለው ልብሱን ይይ፤ ቀለበቱ ከጣቱ ከወለቀ፣ ሱሪው ከወገቡ ከወረደ ያ ሚዛን ነው። ትኩሳት፣ የማይለቅ ሳል፣ ደም፣ ለመዋጥ መቸገር ከተጨመረበት ደግሞ ኪሎ መቁጠር አያስፈልግም፣ ይምጣ። ወረቀቴ ጀርባ ላይ ጻፍኩት። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለውን ተረት ስንት ጊዜ ተናግሬዋለሁ፤ ገላ ላይ ሲሠራ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ውጤቱ በሦስት ቀን ነበር የሚደርሰው። እነዚያን ሦስት ቀኖች ጣውላው ዝም አለ። ጋሼ ልክ ሱቃቸውን ይከፍታሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ምንም አይመቱም። እኔም ከደንበኛ ጋር አልተጨቃጨቅኩም፤ ለአንዱ ሃምሳ ገጽ ገልብጬ ሠርቼለት እንኳ አልተጣላንም። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት መታገሥ አቃተኝና በጣቴ ጣውላውን ሁለቴ ኳ ኳ አደረግኩ። ቆይተው መለሱልኝ፤ ሁለት ቀስ ያሉ ምቶች። ከበቂ በላይ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሐኪሟ ወረቀቷን ይዛ ስትገባ መነጽሯን አስተካከለች።

«ታይሮይድ የሚባለው የአንገት ዕጢ ነው» አለች። «ሥራ በዝቶበታል። ሰውነትዎ ውስጥ ያለውን ምድጃ የሚቆጣጠረው እሱ ነው፤ አሁን ከልክ በላይ አንድዶታል። የሚበሉትን ሁሉ ያቃጥለዋል። ላቡም፣ የእጁ መንቀጥቀጥም፣ የልቡ ሩጫም፣ ቁጣውም ከዚያ ነው። ይታከማል።»

«ይታከማል?» አሉ ጋሼ ልክ።

«ይታከማል። በኪኒን እንጀምራለን። ቢዘገዩ ኖሮ ልብዎን ይጎዳው ነበር፤ ደርሰንበታል።»

ሚስታቸው ተነስታ ሐኪሟን አቀፈቻት፤ መነጽሩ ከነጭራሹ ወደቀ። «ዶክተር፣ እባክሽ ጻፊልኝ!» አለቻት። «ምግቤ አይደለም ብለሽ በማኅተም ጻፊልኝ!» ሐኪሟ የምር አልመሰላትም ነበር። ጻፈችላት። ያን ወረቀት በሃያ ኮፒ ያባዛሁት እኔ ነኝ፤ በነፃ። አትክልት የምትሸጠው ሴትዮ አንድ ደርሷታል።

ጋሼ ልክ ግን ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብበው፣ «ወንድሜም ቀደም ብሎ ቢመጣ…» አሉና ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም። እጃቸውን ይዘን ወጣን።

መድኃኒቱ ሁለት ዓይነት ነበር። ልብን የሚያረጋጋውና መንቀጥቀጡን የሚቀንሰው ቶሎ ሠራ፤ ዕጢውን የሚያበርደው ግን ሳምንታት ፈጀ። ሐኪሟ ሁለት ነገር አጥብቃ ነግራቸው ነበር፤ ተሻለኝ ብለው በራሳቸው እንዳያቋርጡ፣ ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ከመጣ ደግሞ ኪኒኑን ከመድገማቸው በፊት ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን እንዲመጡ። ይህንንም በትልልቅ ፊደል አትሜ ከማስቲሽ ቆርቆሯቸው በላይ ለጠፍኩላቸው። «ግድግዳዬን አበላሸሽው» አሉኝ። መቆጣታቸው እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ያኔ ነው አዲሱ ሥራ የተጀመረው። ከመጀመሪያዎቹ ቀጠሮዎች በአንዱ ሚዛኑ ስልሳ ሦስት አለ። ጋሼ ልክ ተመልሰው የሰባተኛውን ወር ቁራጭ ጠየቁኝ። «ምን ሊያደርጉበት?» ብላቸው፣ «ወደ ቦታው ልመልሰው ነዋ» አሉ። የቀበቶውን ጫፍና የቁራጩን ጀርባ በቢላ አሳስተው፣ በማስቲሽ አጣብቀው፣ በሰም ክር ሰፉት። ስፌቱ ትንሽ ጠመም ብሏል። ፈትተው እንደገና ሰፉት። ከዚያ ስልሳ ስምንት ኪሎ ሲሞሉ የአምስተኛውን ሰፉ፤ እሱን መፍታት አላስፈለጋቸውም። ሚስታቸው ሳህኑን ከሦስት ድርብ ወደ ሁለት መለሰች፤ ያ ራሱ እንደ በዓል ነበር።

በዚያ መሐል ደንበኞቻቸው መከራቸውን አዩ። ቀበቶ ሊያስበሳ የመጣ ሁሉ ይመረመራል። «ሆን ብለህ ነው የከሳኸው? በስንት ወር? ትበላለህ?» ይሉታል። አዎ፣ እሮጣለሁ ካለ ይበሱለታል። አላውቅም ካለ ግን ቀዳዳውን ይበሱና፣ «ጅራቱን ግን አልቆርጥልህም፤ ተንጠልጥሎ ያስታውስህ። ሐኪም አይተህ ስትመጣ እንነጋገራለን» ይሉታል። እኒያ የተንጠለጠለ ጅራት ከቤታቸው የማያስወጡት ሰውዬ! አንድ የታክሲ ሾፌር ተናዶ ወጣ፤ በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። ስኳር ተገኝቶበታል። ቆሞ እጃቸውን ጨበጠ፣ ምን እንደሚል ጠፍቶት እንደገና ጨበጠ። እኔ በጣውላው ቀዳዳ ነው ያየሁት። አዎ፣ ቀዳዳ አለው።

ትናንት የመጨረሻዋ ቁራጭ ቀን ነበር። ጠዋት ከጤና ጣቢያ ተመለሱ። ምንም ሳይናገሩኝ ገቡ። እኔ አንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን እያስጠረዘኝ ነበር፤ እጄ ማሽኑ ላይ፣ ጆሮዬ ጣውላው ላይ። ብዙ ጊዜ ዝም አለ፤ ስፌት ድምፅ የለውም። ከዚያ መዶሻው ተነሳ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ዷ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ዷ።

ተማሪው «ምነው አለቀስሽ?» አለኝ። «ሥራህን ጠብቅ» አልኩት።

ጋሼ ልክ ቀበቶአቸውን ታጥቀው ገቡ፤ ሚስታቸው ከኋላቸው ናት። ሦስቱም ቁራጮች ቦታቸው ላይ ናቸው፤ ነጩ ክር ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ መጋጠሚያዎቹ ጠባሳ መስለው ይታያሉ። ዘለበቱ የተቆለፈው በድሮው ቀዳዳ ነው። ሰባ ሦስት ኪሎ።

«አንቺ ኮፒ» አሉኝ፤ «ያቺ ወረቀት አለች?»

ከመሳቢያዬ አወጣኋት፤ ከጀርባዋ የሐኪሟ ቃል፣ ከፊቷ ሦስት ጥቁር ቁራጮች። ሁለት እጃቸውን ዘረጉ፤ ጣቶቻቸው ላይ ፋሻ የለም። ወረቀቷን አስተኛኋት። እኔም፣ ሚስታቸውም፣ ተማሪውም ጎንበስ ብለን አየን። አሥር ቆጠርኩ። ሃያ ቆጠርኩ። ወረቀቷ ጠረጴዛ ላይ ያለች ያህል ዝም አለች።

ጋሼ ልክ ወረቀቷን ለኔ መለሱ፤ መዳፋቸውን አነሱና የገዛ ሆዳቸውን አንድ ጥፊ አቀመሱት።

«ልክ!»